ስለ ጥገኛ አበባና ስለ ደረቅ ግንድ

ጥገኛ የሚለው ቃል በአማርኛ ኅብር ነው። ባንድ ወገን መቆሚያ አጥቶ ከሌላው ጥላ የገባ ማለት ይሆናል፤ በሌላው ወገን የተጠጋውን እየመጠጠ አስጠጊውን የሚያከሳ ማለት ይሆናል። ሰው አንደኛውን ብሎ ሲናገር ሁለተኛው አብሮ ይሰማልና፣ የተጠጋ ሁሉ ሳይመረመር በሌብነት ይታማል። ሐሜቱ እውነት ነውን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ኦርኪድ የሚባለው አበባ መልካም ተከሳሽ ነው።

ከኦርኪድ ወገን የሚበዙት መሬት አይሹም፤ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ይኖራሉ። በከፋና በኢሉባቦር ደን በትልልቁ ዛፍ ላይ፣ ባንዳንድ ስፍራም በቡናው ግንድ ላይ ይታያሉ። ከታች ሆኖ ለሚያይ ከተቀጽላ የሚለዩ አይመስሉም። ተቀጽላ ግን ሥሩን በቅርንጫፉ ሥጋ ውስጥ ሰዶ የዛፉን ውሃ ይጠጣል፤ ቅርንጫፉ ሲደርቅ እርሱም ይደርቃል። ኦርኪድስ?

ለዚህ ምስክር የሚሆነው ውሃ ያመጣው ደረቅ ግንድ ነው። አበባ አሳዳጊዎች ወንዝ ወይም ባሕር የተፋውን ጉማጅ አንሥተው ኦርኪድን በዚያ ላይ ያሳድጋሉ። ሥራው ትዕግሥት ይሻል። ግንዱ ከባሕር የመጣ እንደ ሆነ ጨው ሥር ያቃጥላልና፣ ውሃውን እየለወጡ ብዙ ሳምንት ይዘፈዝፉታል፤ የበሰበሰውን ፍቀው ጽኑውን ያስቀራሉ። ከዚህ በኋላ አዲስ ሥር ማቆጥቆጥ በጀመረበት ወራት አበባውን ከግንዱ ጋር በክር ያስሩታል። እስሩ ጠበቅ ማለት አለበት፤ የሚወዛወዝ ሥር አይዝምና። አፈር ስለሌለውም ውሃ ቶሎ ቶሎ ይረጩታል። ሥሩ እንጨቱን ሲጨብጥ ክሩ ይፈታል፤ የጥጥ ክር ከሆነማ ፈቺ ሳይጠብቅ በስብሶ ይወድቃል።

እንግዲህ ግንዱ ምን አበላው? ከሞተ ቆይቷል፤ የሚመጠጥ ፈሳሽ የለበትም። አበባው ግን ለዓመታት ያብባል። ሥሩ እንደ ስፖንጅ ያለ ልብስ አለው፤ ዝናብና ጤዛ ሲነካው ፈጥኖ ይጠጣል፣ ያን ጊዜ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ብር ይመስላል። ምግቡን ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ያበጃል። ከግንዱ የፈለገው መቆሚያ ብቻ ነበርና፣ በሕያው ዛፍ ላይ የተነሣበት ክስ በደረቁ ግንድ ምስክርነት ይፈርሳል።

በኦርኪድ ምክንያት ዛፍ አልጠፋም ማለት ግን አይደለም። አልበርት ሚሊካን የሚባል እንግሊዛዊ አበባ ለቃሚ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፣ በኮሎምቢያ ደን 10,000 ያህል ኦርኪድ ለመሰብሰብ 4,000 ያህል ዛፍ እንዳስቆረጠ ያለ ኀፍረት ይተርካል። መጥረቢያው የማን እንደ ሆነ መናገር አያሻም።

ይሁንና ተከሳሹን ፈጽሞ ንጹሕ ነው ማለትም ችኮላ ነው። ብዙ ተሸካሚ ቅርንጫፍ አንዳንዴ ይሰበራል፤ የማይሰርቅም እንግዳ ክብደት አለው። ከዚህ የሚጠልቅም ነገር አለ። የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ስለሆነ እንደ ባቄላ ስንቅ ይዞ አይወለድም። ፈረንሳዊው ኖኤል ቤርናር በ1899 ዓ.ም. እንደ ደረሰበት፣ ዘሩ የሚበቅለው የእንጉዳይ ወገን የሆነ እንደ ክር የቀጠነ ፍጥረት ወደ ውስጡ ገብቶ ሲመግበው ነው። ስለዚህ ኦርኪድ በሕፃንነቱ በልቷል፤ ሰው ሁሉ ለዛፉ ሲያዝን ያበላው ሌላ ነበር፣ ስሙንም የጠራለት የለም።

በ1922 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ዘሩን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ስኳር እየመገበ ያለ እንጉዳይ አበቀለው። ዛሬ በደረቅ ግንድ ላይ ከሚታሰሩት ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ያደጉ ናቸው። እንዲህ ያለው አበባ ከዛፍም ከእንጉዳይም አልተበደረም፤ ኑሮው በሚረጨው ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ለአንድ ወር መንገድ ቢሄድና አደራ የሚቀበል ቢያጣ፣ ሥሩ ብር እንደ መሰለ ይቀራል።