ዳገቱ ላይ ማን ይጠብቃል?

ረጅም የብስክሌት ጉዞ ያሰቡ ጓደኛሞች ተሰብስበው ሲመክሩ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ዝርዝር አያልቅም፤ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት ቅባት፣ የዝናብ ልብስ፣ ውሃ፣ ቆሎና በሶ። እነዚህ ነገሮች ክርክር ቢያስነሡም መልስ አላቸው። ከዝርዝሩ ውጭ የሚቀር አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ሁሉም በልቡ ይዞታል፣ ማንም ደፍሮ አያነሣውም። ከመካከላችን አንዱ ወደ ኋላ ቢቀር ምን እናደርጋለን?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የመንገድ ሥርዓት ጉዳይ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ፍትሕ በወዳጆች መካከል ምን መልክ እንዳለው የሚጠይቅ ነው። አራት ጓደኛሞች ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሊሄዱ አሰቡ እንበል። በነባሩ መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ቀን በቢሾፍቱ በኩል ሞጆ ያድራሉ፤ ሁለተኛውን በመቂና በባቱ አልፈው ላንጋኖ አካባቢ፤ በሦስተኛው ቀን በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አድርገው ሐዋሳ ይገባሉ። ከአራቱ አንዷ እሑድ እሑድ ሱሉልታ ደርሳ የምትመለስ ብርቱ ናት። ሁለቱ መካከለኞች ናቸው። አራተኛው ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚውል፣ ብስክሌቱንም ለዚሁ ጉዞ ብሎ የገዛ ሰው ነው።

ጓዙ እንዴት ይከፈል? ቶሎ የሚመጣልን መልስ ተረታችን ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ተረቱ ሳይናገር ያለፈው ነገር አለ፤ ሃምሳዎቹ ሰዎች አቅማቸው እኩል ነው፣ አንዲት ሎሚም ለማንም አትከብድም። የብስክሌት ጓዝ እንዲህ አይደለም። ለእያንዳንዳቸው 9 ኪሎ ብናካፍል ለብርቱዋ ጌጥ የሆነው ለቢሮው ሰው ሸክም ይሆናል። እኩል ክብደት እኩል ድካም አይደለም። ድካሙን እኩል እናድርገው ብንል ደግሞ ድካምን የሚመዝን ሚዛን ከየት እናመጣለን? ሰው የሚሰማው የራሱ ጉልበት ሲዝል ነው፤ የጓደኛውን በግምት ነው የሚያውቀው።

መንገዱ ራሱ ነገሩን ለሁለት ይከፍልልናል። ከሞጆ ወደ ላንጋኖ ስምጥ ሸለቆው በአብዛኛው ሜዳ ነው። በሜዳ ላይ ፍጥነት ከፍ ሲል የነጂውን ጉልበት ከሁሉ በላይ የሚበላው አየሩ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከፊቱ ካለው ብስክሌት ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው፣ እንደ ፍጥነቱና እንደ ርቀቱ፣ ከጉልበቱ ሩቡን፣ አንዳንዴም ሲሶውን ያተርፋል። የሚገርመው ፊት ያለው ሰው አንዳች አለመክሰሩ ነው፤ ብቻውንም ቢሆን ያንኑ ነፋስ መጋፈጡ አይቀርለትም ነበር። ሰጪውን የማያጎድል ስጦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም፤ ይህ አንዱ ነው።

ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ መውጣት ሲጀመር ሌላ ሕግ ይገባል። ፍጥነት ሲወርድ አየሩ ይረሳና ክብደት ብቻ ይቆጠራል። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጓዙ በአንድነት 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 9 ኪሎውን ሌላ ሰው ሲወስድለት የዳገቱ ሥራ በአንድ አሥረኛ ይቀልለታል፤ የወሰደው ሰው ግን ያንኑ ያህል ይጨመርበታል። ጓዙን የሚወስድለት ከሌለ የሚቀረው መጠበቅ ነው። መጠበቅም ዋጋ አለው፤ ላብ ጀርባ ላይ ይደርቃል፣ የሞቀ እግር ይተሳሰራል፣ ቀኑም ይመሻል። ሜዳው ላይ ደግ መሆን ምንም አያስከፍልም ነበር። ዳገቱ ላይ ያስከፍላል። ወዳጅነት የሚፈተነውም እዚያ ነው።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች እንዴት እንደሚስማሙ ሲጽፍ አንድ ጀልባ የሚቀዝፉ ሁለት ሰዎችን በምሳሌነት አንሥቷል። ሁለቱ ቃል አልተገባቡም፤ ነገር ግን ተስማምተው ይቀዝፋሉ። ምሳሌው ለጀልባ እውነት ነው፤ ጀልባዋ አንዲት ስለሆነች ሁለቱን አንድ ላይ ይዛቸዋለችና። ብስክሌት ግን የየራስ ነው። ብርቱዋ ማንንም ሳትጠብቅ ሐዋሳ መግባት ትችላለች፤ የሚያግዳት ነገር የለም። አራቱን አንድ ላይ የሚያቆያቸው ፈቃዳቸው ብቻ ነው፤ እሱም በየዳገቱ ይፈተናል። ለቀዛፊዎች ትርፍ የሆነው ቃል ለብስክሌተኞች ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የውድድሩ ዓለም ለዚህ ጥያቄ መልስ ካበጀ ቆይቷል። በ1934 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የ20 ዓመቱ ሬኔ ቪዬቶ የራሱን ጎማ ፈትቶ ለቡድኑ መሪ ለአንቶናን ማኝ ሰጠና መንገድ ዳር እያለቀሰ ቀረ፤ ውድድሩን ያሸነፈው ማኝ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በዚሁ ውድድር የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም የቡድን መሪዎችን የማገዝን ሥራ በደንብ ያውቀዋል። እዚያ ረዳቱ መሪውን ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ውልና ደመወዝ አለ፣ ድሉም የቡድኑ ነው። በጓደኛሞች ጉዞ ላይ ግን ጠባቂው ብርቱው ነው፤ የሚከፈለው ደመወዝም ሆነ የሚሸለመው ዋንጫ የለም።

ታዲያ ብርቱዋ ለመጠበቅ የምትስማማው በምን ምክንያት ነው? አሜሪካዊው ጆን ሮልስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳቡ፣ ሰዎች ነገ ምን ዕጣ እንደሚደርሳቸው ሳያውቁ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ሕግ ቢያወጡ ለሁሉም የሚበጅ ሕግ ያወጣሉ ይላል። ከመነሣታችን በፊት የማን ጉልበት እንደሚታመም፣ የማን ጎማ ጎሚስታ በሌለበት እንደሚተነፍስ አናውቅም፤ እስከዚህ ድረስ ሮልስ ይረዳናል። ይሁን እንጂ አራቱ ጓደኛሞች አንድ ነገር በደንብ ያውቃሉ፤ ማን ደካማ እንደሆነ። መጋረጃው ስስ ነው። ብርቱዋ የምትስማማው «ነገ እኔም እዚህ ልወድቅ እችላለሁ» በሚል ሥጋት ብቻ ከሆነ ሒሳቡ አይሞላም፤ እንደማትወድቅ ታውቃለችና። የጎደለውን የሚሞላው ፍቅር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ፍቅር ካለ ስምምነት ምን ያደርጋል? ጓደኛሞች እንደ ነጋዴ ውል ከተዋዋሉ ጓደኝነታቸው የት አለ? ተቃውሞው የዘነጋው እኛ አበሾች ጠንቅቀን የምናውቀውን ይሉኝታን ነው። የቢሮው ሰው ዳገቱ መካከል እግሩ እየተንቀጠቀጠ «እንዴት ነህ?» ቢሉት «ደኅና ነኝ፣ ሂዱ» ነው የሚለው። ብርቱዋም ትዕግሥቷ አልቆ ሳለ «ምንም አይደለም» ትላለች። ሁለቱም የሚዋሹት ስለሚዋደዱ ነው። ሲመሽ አንዱ ታሞ፣ ሌላዋ ተቀይማ ይገናኛሉ። እንግዲህ ፍቅር ብቻውን ውሸቱን አያስቀረውም፤ አንዳንዴ እንዲያውም እሱ ነው የሚወልደው።

አስቀድሞ መስማማት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቡና እየጠጡ በሰከነ መንፈስ «ዳገት ላይ የሁላችንም ፍጥነት የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው፤ ድንኳኑን ብርቱዋ ትይዛለች፤ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ቆመን እንገናኛለን» ከተባለ፣ ደካማው የሚለምነው ነገር አይኖርም። ያረፈው ስለታዘነለት ሳይሆን የማረፊያው ቦታ ስለደረሰ ነው። ብርቱዋም ውለታ ዋለች አትባልም። ስምምነቱ ወዳጅነትን ወደ ንግድ አይለውጠውም፤ ከወዳጅነት ላይ የልመናንና የውለታን ሸክም ያወርዳል። ከዚህም በላይ፣ የደከመ ሰው ፍርድ አይታመንም። በሰከነ ሰዓት የተነገረ ቃል ለደከመው ማንነታችን የምናወጣው ሕግ ነው።

ደካማውም ግዴታ አለበት። እሱ የሚያዋጣው ስለ ሰውነቱ እውነቱን መናገር ነው። ቁርጠት ሲጀምረው ቁርጠት፣ ውሃ ሲያልቅበት ውሃ ማለት አለበት። ከአቅሙ በላይ ከሆነም ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭኖ ቀድሞ መሄድ መብቱ መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው፤ ያኔ እንደ ሽንፈት አይቆጠርበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መጀመሪያውኑ ብርቱዎችን ብቻ መምረጥ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይሻል ነበር፤ ዓላማው ሐዋሳ መድረስ ብቻ ቢሆን። ለመድረስማ መኪና በግማሽ ቀን ያደርሳል። ብስክሌት የመረጠ ሰው ገና ከአዲስ አበባ ሲነሣ ፍጥነትን ትቷል፤ በዚያ ምትክ የፈለገው መንገዱንና አብረውት የሚሄዱትን ሰዎች ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ «ዘገየን» ብሎ ጓደኛውን ጥሎ የሚሄድ ሰው የሚከራከረው ከጓደኛው ጋር አይደለም፤ ከገዛ ምርጫው ጋር ነው።