አካሉ የደከመ ሰው ወደ ተራራ ስለ መመለሱ

ወንድሞች ሆይ፥ አካሉ ከተጎዳ በኋላ ወደ ተራራና ወደ ወንዝ መመለስን የሚወድ ሰው ቢገኝ፥ «እግዚአብሔርን ይፈታተናል» ብላችሁ አትፍረዱበት፤ አታስቸኩሉትም። በአሜሪካ አገር ማርክ ዌልማን የሚባል ሰው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ከተራራ ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ግን በዮሴሚቲ ያለውን፥ ቁመቱ 900 ሜትር ያህል የሆነውን የኤል ካፒታንን ገደል ወጣ። ይህም የሆነው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው እንጂ ከሰባት ሳምንት በኋላ አይደለም።

አወጣጡንም አስተውሉ። ወዳጁ ማይክ ኮርቤት አስቀድሞ እየወጣ ገመድ ያስርለት ነበር፤ እርሱም በክንዱ ብርታት ራሱን ወደ ላይ እየሳበ በጥቂት በጥቂቱ ወጣ። ስምንት ቀን ፈጀባቸው፤ ሌሊቱንም በገደሉ ላይ አደሩ። እግሮቹን ድንጋይ እንዳይልጣቸው በወፍራም ልብስ ሸፈናቸው፤ የማይሰማ አካል ቢቆስል ባለቤቱ አያውቅምና። እኛ ብርቱዎች ነን ባዮች ለጤናማው እግራችን እንኳ ይህን ያህል አንጠነቀቅም!

በቅፍርናሆም አራት ሰዎች ሽባውን በጣራ ወደ ታች አወረዱት፤ ይህን ሰው ግን ወዳጁ ወደ ላይ እንዲወጣ ረዳው። የፍቅር ሥራ በሁለቱም አንድ ነው። በሽተኛውን በቤት ዘግቶ «ለደኅንነትህ ነው» ማለት ግን ብዙ ጊዜ የራስን ድካም መሸሽ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ሲፈቅድ አብራችሁት ውጡ፤ እርምጃችሁንም በእርሱ አቅም ለኩ። ማታ ስትመለሱ እግሩን ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ ጥቂት መላጥ ቢገኝበት እስኪድን ድረስ አታውጡት።