ባለቤቴ ሳያውቅ ለእናቴ ብልክስ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ወጣት ሚስቶች፣ ባሎችም ጭምር፣ በልባቸው ይዘውታል። ወላጅን መጦር የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ ጌታ ኢየሱስም በማርቆስ 7 በቁርባን አሳብበው ወላጆቻቸውን የሚነፍጉትን ገሥጿል። እንግዲያው ጥያቄው መስጠቱ ሳይሆን መደበቁ ነው።

አንዳንዶች በማቴዎስ 6 ስለ ቀኝና ግራ እጅ የተነገረውን ይጠቅሳሉ። ያ ቃል ግን ከሰው ውዳሴ እንድንሸሽ እንጂ አንድ ሥጋ ከሆነን የትዳር ጓደኛ እንድንደብቅ አልተሰጠም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት ሠርተው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ይለዋል። ከጋራው በስውር የሚሰጥ፣ የሌላውንም ድርሻ ሳያማክር ሰጥቷል።

«ቢከለክለኝስ?» ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ያልተነገረው ባል እሺ ለማለትም ዕድል አላገኘም፤ አማቱን አብሮ የመጦር በረከትም ቀርቶበታል።

ስለዚህ ደመወዝ ሲገባ አብራችሁ ጸልዩና ጻፉ፦ አሥራት፣ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ዕቁብ፣ የሁለቱም ወገን ወላጆች ድርሻ። ትንሽም ቢሆን በግልጽ ይሁን። ካልተስማማችሁ የምታምኑትን ሽማግሌ አማክሩ። እጮኛ ያላችሁም ከሠርጉ በፊት ተጠያየቁ፦ ወላጆቻችንን እንዴት እንጦራለን?