ሠራሁት ማለት ዐወቅሁት ማለት ነው?

ለመሆኑ አንድን ነገር እንደ ፈቀድነው ማድረግ ከቻልን ነገሩን ዐውቀነዋል ማለት ነው? ጥያቄው ያረጀ ነው፤ ፈላስፎች ሲያኝኩት ኖረዋል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው በሞለኪውል ሰበራ ምክንያት ነው።

ሞለኪውልን መስበር ብቻውን ምንም ጥበብ የለበትም፤ እሳት ላይ መጣድ ነው። ችግሩ ሙቀት አይመርጥም። የገባው ጉልበት በአንድ አፍታ በሞለኪውሉ አካል ሁሉ ይሠራጭና ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ደካማው ማሰሪያ ይሆናል። ሌዘር የመጣ ጊዜ ኬሚስቶች የፈለግነውን ማሰሪያ ለይተን እንቆርጣለን ብለው ጓጉተው ነበር፤ ጉልበቱ ግን ያው ቶሎ እየተበተነ አስቸገራቸው። ስለዚህ ከመበተኑ በፊት መድረስ አስፈለገ፤ ይኸውም በፌምቶሴኮንድ ነው። የሴኮንድ ቢሊዮንኛ፣ እንደገና የእሷ ሚሊዮንኛ! በዚያች ጊዜ ብርሃን ራሱ የሚሄደው የማይክሮሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም። ማሰሪያ ሲበጠስ በዚህ ሚዛን የተመለከተው ግብፅ የተወለደው አሕመድ ዘወይል እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ማየት ሌላ፣ ማዘዝ ሌላ። ለማዘዝ ብርሃኑን መቅረጽ ያስፈልጋል። አጭሩ ምት በውስጡ ብዙ ቀለማት አሉት፤ ቀለማቱን ይነጣጥሏቸዋል፣ አንዱን ያዘገዩታል፣ ሌላውን ያስቀድሙታል፣ መልሰው ያገጣጥሟቸዋል። ግን የትኛውን በስንት? በ1992 ጀድሰንና ራቢትዝ የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ እኛ ከምናሰላው ሌዘሩ ራሱ ከሞለኪውሉ ይማር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1998 ጀርመን አገር፣ ቩርዝቡርግ ላይ የጌርበር ቡድን በሥራ አዋለው። የያዙት ሞለኪውል መካከሉ ብረት፣ ዙሪያው ክሎሪን፣ ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድና አንድ የካርቦን ቀለበት ነበር። ኮምፒዩተሩ በዘፈቀደ የተቀረጹ ምቶች ይልካል፤ ስብርባሪው ይቈጠራል፤ የተሻሉት ምቶች ይዳቀላሉ፣ የቀሩት ይጣላሉ፤ ደግሞ እንደገና። ከብዙ ትውልድ በኋላ ከሁለት የአሰባበር መንገዶች የተፈለገውን የሚያበዛ ምት ተገኘ። ስለ ሞለኪውሉ አስቀድሞ ማወቅ አላስፈለገም፤ ይኸን ራሳቸው ጽፈውታል።

እንግዲህ ማን ዐወቀ? ኮምፒዩተሩ? እሱ ቁጥር ነው ያወዳደረው። ሰዎቹ? ምቱን ይዘዋል እንጂ ለምን እንደ ሠራ ምቱ አልነገራቸውም።

አንባቢዬ፣ «ታዲያ ጠላ ጠማቂዋስ የእርሾን ምንነት መች ዐወቀች?» ትለኝ ይሆናል። ኧረ የእሷ ሌላ ነው! ጠላው ቢበላሽባት ምን እንደ ጎደለ ትጠረጥራለች፣ በሚቀጥለው ጌሾውን ታስተካክላለች፣ ለልጇም ታስተምራለች። ያ ምት ግን ለተጠየቀው ለአንዱ ጥያቄ ብቻ መልስ ነው፤ ለምን ብትለው ዝም ይላል። እኔ ዕውቀት የምለው ያልታሰበ ጥያቄ ሲመጣ ወዴት እንደሚኬድ የሚያመለክተውን ነው።

ኀላፊነቱስ? ከዚህ ማንም አያመልጥም። መንገዱን ማሽን ቢያገኘውም «ይኸ ይብዛ፣ ያ ይነስ» የምትለዋን ትእዛዝ የሰጠው ሰው ነው። በትእዛዟ ውስጥ ያልገባ ነገር ደግሞ ለማሽኑ የለም፤ መርዝ ቢሆን እንኳ አይቈጥረውም። አላወቅሁም ነበር ማለት ለመንገዱ ይሠራ ይሆናል፤ ለግቡ አይሠራም። መልስ ፈልገው የሚያመጡልን ማሽኖች በበዙበት በዛሬው ጊዜ ይኸ የሌዘር ሰዎች ጣጣ ብቻ አይመስለኝም።

የበርሊንና የስትራስቡርግ ተመራማሪዎች ግን ደግ አደረጉ። እንዲሁ በጭፍን ፍለጋ የተገኘ፣ በአንድ የማንጋኒዝ ሞለኪውል ላይ የሠራ ምት ወስደው ምሥጢሩን መረመሩት፤ ውጤቱ በ2003 ታተመ። በስሌት ሲታይ ምቱ ለካ ተከታታይ ትንንሽ ምቶች ኖሯል፦ ፊተኛው ሞለኪውሉን ያነቃዋል፣ ተከታዩ ሳይሰበር በልኩ ሰዓት ደርሶ ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል። ይኸን ያወቁት ማሽኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ ቁጭ ብለው ሲያሰሉ ነው።