«42 ገጠመ፣ 41 ጠለፈ»፦ የአንድ ቁጥር አንድምታ

ታሪክ፦ የካቲት 8 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትዬው) ማሳቹሴትስ፣ አንዶቨር ወዳለው የሬይቲዮን ፋብሪካ ሄዱ። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ሳዳም ሑሴን ወደ እስራኤልና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ስከድ ሚሳይል ይተኩሳል። ፀረ ሚሳይሉን ፓትሪዮትን የሠሩት ሰዎች ተሰብስበው ያዳምጣሉ። የንግግሩ ፍሬ ቃል ይህ ነበር።

ንባብ፦ ፓትሪዮት 42 ስከድ ገጠመ፤ 41ዱን ጠለፈ።

ትርጓሜ፦ ጠለፈ ማለቱ አጠፋ ሲል ነው። ዓለም የሰማው በዚህ ነው። በቴል አቪቭና በራማት ጋን የጋዝ ጭንብል አጥልቆ በታሸገ ክፍል ለተቀመጠው ሰው፣ በሙሴ ዘመቻ የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ጭምር፣ ሌላ ትርጉም ሊታየው አይችልም።

አንድም፦ ጠለፈ ማለቱ ሰማይ ላይ ተላለፈ ሲል ነው። ይህን የተረጎመው ተቃዋሚ አይደለም፤ ኋላ ኮንግረስ ፊት የቀረቡት ብርጋዴር ጄኔራል ሮበርት ድሮሌት ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ስከዶቹ ሁሉ ጠፉ አላሉም፤ የፓትሪዮትና የስከድ መንገድ ሰማይ ላይ ተቋረጠ ማለታቸው ነው አሉ። (እንዲህ ያለ ትርጓሜ ይዞ የመጣ ደቀ መዝሙር መጽሐፍ ቤት ውስጥ ከየኔታ ምን እንደሚጠብቀው የተማረ ያውቀዋል።)

አንድም፦ አካሉን መታ፣ ራሱን ሳተ ሲል ነው። ይህስ እንደምን ነው ቢሉ፦ ኢራቅ ስከድን ራቅ ብሎ እንዲሄድ ለውጣ አልሑሴን አለችው። ይህ ሚሳይል ወደ አየር ሲመለስ ይሰባበራል፤ እየተጠማዘዘም ይወርዳል። ፓትሪዮት ደግሞ መጀመሪያ የታሰበው ለአውሮፕላን ነው፤ ዒላማው አጠገብ ፈንድቶ ፍንጣሪ ይረጫል። ፍንጣሪው የነዳጁን ታንክ ቢበሳው እንኳ ፈንጂ የተሸከመው ጫፍ ጉዞውን ሊቀጥል ይችላል። ሰማይ ላይ የሚታየው ብርሃን ምድር ላይ ስለሚሆነው ምንም አይነግርም።

አንድም፦ ሕዝብ አረጋጋ፣ እስራኤልን ከጦርነቱ አስቀረ ሲል ነው። ይህ ትርጓሜ ክብደት አለው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የመረጋጋት ጥቅም 41 ተብሎ አይቆጠርም።

ሐተታ፦ ክርክሩ የተፋፋመው መጋቢት 1984 ዓ.ም. ኮንግረስ ምስክር ሲጠራ ነው። የኤም አይ ቲው ቴዎዶር ፖስቶል የቴሌቪዥን ፊልሞችን ቅንጣት በቅንጣት መርምረው አብዛኛው ስቷል አሉ። የፓትሪዮት ደጋፊዎች በበኩላቸው የቴሌቪዥን ካሜራ ለዚህ ፍጥነት ዘገምተኛ ነው ብለው መለሱ፤ መልሱ ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጦሩ ራሱ ቁጥሩን ዝቅ እያደረገ ሄዶ ሳዑዲ ላይ ከ70 በመቶ፣ እስራኤል ላይ ከ40 በመቶ በላይ ከሚል ደረሰ። መዝገቡን የመረመረው የኮንግረሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ጂኤኦ፣ ደግሞ ስከዱ መውደሙን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ያለው 9 በመቶ ገደማ ለሚሆነው ግጥሚያ ብቻ ነው አለ። የቀረው ስቷል አላለም፤ ማስረጃ የለም አለ እንጂ። ከተነገረው ሁሉ እኔ የማምነው ይህን ነው፤ የማያውቀውን ቦታ ባዶ ትቶታልና።

አሁን ሁሉም ወደ ዘለለው ቃል እንመለስ። ገጠመ ማለቱ ምንድን ነው ቢሉ፦ የተተኮሰበትን ብቻ ቆጠረ ሲል ነው። ፓትሪዮት ዝም ያለው ስከድ ከ42ቱ አይገባም። ንግግሩ በተደረገ በ10ኛው ቀን፣ የካቲት 18፣ አንድ ስከድ ሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የወታደሮች መኖሪያ መታ፤ 28 አሜሪካውያን ሞቱ። እዚያ የነበረው ፓትሪዮት አልተኮሰም። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ ሠርቶ ስለነበር የሰዓቱ ስህተት የሴኮንድ ሲሶ ደርሷል፤ ራዳሩ ዒላማውን በ687 ሜትር ተሳስቶ ይፈልገው ነበር። በዚያ አቆጣጠር 28ቱ ሞቱ አልሞቱ ቁጥሩ ያው ነው።

ንባብ ካልዕ፦ እጅግ ረጅም ሰዓት።

ታሪክ፦ እስራኤላውያን የፓትሪዮት ማሽን 8 ሰዓት ያለማቋረጥ ሲሠራ ራዳሩ እንደሚዛነፍ በየካቲት መጀመሪያ አስታውቀው ነበር። የካቲት 14 ለተጠቃሚዎች መልእክት ተላከ፤ እጅግ ረጅም ሰዓት ማሠራት ራዳሩን ያዛንፋል ይላል። ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አይናገርም።

አንድም ቀን፣ አንድም ሳምንት፣ አንድም ማንም የማያደርሰው ጊዜ። የላኩት በዚህ በመጨረሻው ተረዱት፤ ያን ያህል የሚያሠራ አይኖርም አሉ። እዚህ ላይ አንድም የሚያሰኝ ምሥጢር የለም። 8 የሚለውን ቁጥር ያውቁ ነበር፤ መልእክቱ ላይ አልጻፉትም። ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ሰዓቱን ለማስተካከል ይበቃ ነበር፤ ከሁለት ደቂቃም አይፈጅም። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው የካቲት 19 ነው።