ሆድ ይፍጀው

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂንያ ውስጥ በአንድ የስልክ ጥሪ ማዕከል ትሠራለች። ሥራዋ የደንበኛ አቤቱታ መስማት ነው፤ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ "ምን ልታዘዝ?" ስትል ትውላለች። ባለፈው ስትደውልልኝ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ስታወራ ድምፅዋን የሚያዳምጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ድምፅዋ ቀዝቀዝ ሲል ስክሪኑ ጥግ ላይ የቡና ስኒ ሥዕል ብቅ ይላል። "ነቃ በይ" ማለቱ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ስኒው እንደመጣባት ደግሞ አለቃዋ ያያል።

"ታዲያ አንቺ ቡና ትወጂ የለም እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

"ጋሼ፣ ስኒው የበዛብኝ ቀን እኮ የአባዬ ሙት ዓመት ነበር" አለችኝ። እኔም ረስቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለመሆኑ ሰው ሲቀጠር የሚሸጠው ምኑን ነው? ጉልበቱን፣ ጊዜውን፣ ዕውቀቱን፤ ይሁን። የድሮ ጌቶች የቱንም ያህል ክፉ ቢሆኑ የሎሌያቸውን ሆድ ማየት አይችሉም ነበር። ሎሌው ፊት ለፊት እጅ ይነሳል፣ በሆዱ የፈለገውን ይላል። ሰምና ወርቅ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ሰሙ ለጌታ፣ ወርቁ ለራስ ነው እላቸው ነበር። "ጥርስ ባዳ ነው" እንዲሉ፣ በጥርስ መሳቅ ግብር ነው፤ ሆድ ግን ርስት ነው። አሁን የመጣው ማሽን ርስቱን ሊቀላድ ነው።

ማሽኑ ይሳሳታል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሊሳ ፌልድማን ባሬት የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሰፊ ጥናት፣ ከፊት እንቅስቃሴ ብቻ የሰውን ስሜት አረጋግጦ ማወቅ እንደማይቻል ጽፈዋል። እኔስ መች አልተሳሳትኩም? አንድ ቀን ፊቱን ያጨፈገገብኝን ተማሪ "ካልፈለግህ ውጣ!" ብዬ ከክፍል አስወጣሁት። ለካ ወንድሙን ቀብሮ ነው የመጣው። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ይቅር አለኝ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የማሽኑ ስህተት አይደለም። ባይሳሳትስ? የልጅቷን ሐዘን አንድም ሳያዛንፍ አንብቦ ለአለቃዋ ቢነግርባት ይሻል ነበር? እኔ ይብሳል ባይ ነኝ።

አውሮፓውያን ይህ ሳይገባቸው አልቀረም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ መሠረት፣ ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰውን ስሜት ከፊቱ ወይም ከድምፁ በማሽን ማንበብ ክልክል ነው። ለሕክምናና ለደኅንነት ሲሆን ብቻ ይፈቀዳል። ክልከላውን የጣሰ ድርጅት እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው እስከ 7 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። "እሰይ!" አልኩ። ምነው ብራሰልስ በሄደች ኖሮ!

መቼም የድሮ መምህር ቃል ላይ መንጠልጠል አይተውም። የሕጉ መግቢያ ስሜት የሚላቸውን ሲዘረዝር ሐዘንን፣ ቁጣን፣ ደስታን፣ ኀፍረትን ይጠራና ሕመምና ድካም ግን ስሜት አይደሉም ይላል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መሪ ጨብጦ የሚያንቀላፋ ሾፌርን ማሽን ቢቀሰቅሰው ማን ይጠላል? ግን በእኛ አገር ልቡ ያዘነ ሰው "ምን ሆንክ?" ሲሉት "ደክሞኛል" ነው የሚለው። ስኒውም እኮ "አዝነሻል" አላላትም፤ "ደክመሻል" ነው ያላት። ብራሰልስም ብትሆን በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ይመጣባት ይሆናል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ደግሞ ሌላ ነው። ክልከላው አሠሪንና ትምህርት ቤትን እንጂ የድንበር መርማሪን አይነካም። ስደት ጠያቂ ፊት ላይ ለሚደገኑ መሰል መሣሪያዎች ሕጉ ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግባቸው አለ እንጂ አልከለከላቸውም። ኅብረቱ ራሱ ገንዘብ አውጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2019 ባካሄደው "አይቦርደርኮንትሮል" በተባለ ፕሮጀክት፣ ተጓዥ ሲዋሽ ከፊቱ የሚለይ ማሽን ተሞክሯል። የብሔራዊ ደኅንነትና የጦር ሠራዊት ሥራ ደግሞ ጭራሽ ከሕጉ ውጭ ነው። በሊቢያ በረሃ አልፎ የመጣ የእኛ ልጅ መርማሪ ፊት ሲቀርብ ምን ይመስላል? የፈራ ሰውና የዋሸ ሰው እኮ ሁለቱም ላብ ያጠምቃቸዋል።

ሕግ አያስፈልግም አልልም። "ሠራተኛዋ ከፈቀደችስ?" የሚለውን ክርክር አልቀበልም፤ እንጀራዬን የያዘ ሰው "ትፈቅዳለህ?" ቢለኝ ምን ልመልስለት ነው? መከልከሉ ልክ ነው። ልክ ከሆነ ግን ሆድ ያለው ደሞዝተኛ ብቻ ነው? መንግሥት ከአሠሪዬ ዓይን ሲጋርደኝ አመሰግነዋለሁ፤ የራሱን ዓይን ለምን እንደማይጨፍን ደግሞ እጠይቀዋለሁ።

ትናንት ማታ ልጅቷ መልሳ ደወለች። ስኒውን የምታባርርበት ዘዴ አግኝታለች፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ከፍ አድርጎ መናገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንዴም አልመጣባትም።

"አንቺስ ደህና ነሽ?" አልኳት።

"ደህና ነኝ!" አለችኝ፣ መጨረሻውን ከፍ አድርጋ።