ድንጋይና ላብ

ለሕዝብ ጥቅም የታሰበ ሥራ በሕዝብ ላይ ግፍ ተፈጽሞበት ቢገነባ፣ በጎነቱ ይጸናልን? የዚህ ጥያቄ አንዱ ምስክር ከካይሮ በስተ ሰሜን፣ ዓባይ ለሁለት በሚከፈልበት ሥፍራ ይገኛል። ስሙ አል ቀናጢር አል ኸይሪያ፣ የበጎ አድራጎት ቅስቶች ማለት ነው።

ይህ ባለ ብዙ በር ግድብ ውሃ ለማጠራቀም የተሠራ አልነበረም። ወንዙ በሚጎድልበት ወራት በሮቹ ሲዘጉ የውሃው ከፍታ ይጨምርና ወደ መስኖ ቦዮች ይገባ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ሙላት ሲደርስ ደግሞ በሮቹ ተከፍተው ያሳልፉት ነበር። ቀድሞ ለጥጥ እርሻ ሲባል ቦዮቹ በጥልቅ ይቆፈሩ ነበር፤ በየዓመቱ በደለል ሲሞሉም ገበሬው በግዳጅ እየተነዳ ይጠርጋቸው ነበር።

ገዢው ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1833 ግድቡ እንዲሠራ ሲያዝ፣ ድንጋዩ ከፒራሚዶች ፈርሶ እንዲመጣ አስቦ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሊናን ደ ቤልፎን ከካባ መፍለጡ እንደሚረክስ በሒሳብ አስረድቶ ሐሳቡን አስለወጠው። እንግዲህ ፒራሚዶቹን ያተረፋቸው ለቅርስ የተሰጠ ክብር ሳይሆን የወጪ ስሌት ነው። ከእርሻው ያለ ፈቃዱ ተነቅሎ ለግንባታው የተነዳው ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ስሌት አላዳነውም። ሁዳድን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የአንድ ጊዜ ግዳጅ የዓመት ዓመቱን ግዳጅ ካስቀረ ትክክል ነው የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም በሌላው ትከሻ ላይ ሸክም የሚጭን ሰው፣ ፍሬው ለተሸካሚው መድረሱን ማረጋገጥ ይገባዋል። ያን ጊዜ ግን የጥጡ ንግድ በገዢው እጅ ነበር። ትእዛዝ ያጣደፈው መሠረትም አልጸናም፤ በ1861 የተፈጸመው ግድብ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተሰነጠቀ፤ እስከ 1890 ድረስም ተጠገነ። በ1939 ሌላ ግድብ ተተካለት፤ ሙላቱም በ1970 በተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ተገታ።

የግድቡ በጎነት ሐሰት አይደለም፤ ብዙ ትውልድ በመስኖው እህል በልቷል። ነገር ግን የልጅ ጥጋብ የአባትን በደል አይሽርም። ስለሆነም መምህሩ ስለ ግድቡ ጥቅም ሲያስተምር፣ ከያኒውም ቅስቶቹን ሲያወድስ፣ ድንጋዩን ማን እንደተሸከመ አብሮ መናገር ግዴታው ነው። ዛሬ ሌላ ግድብ የሚያቅድ ሰው ይህን ዋጋ አስቀድሞ በስሌቱ ውስጥ ሊያስገባ የሚችለው ሲነገረው ነውና።